ከአሉሚኒየም ቸርኬ ቀስ እያለ የሚወጣ ንፋስ፦ ጎማው ሳይበሳ በየሳምንቱ ለምን ይጎድላል?

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረተች ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ። ከገዛኋት ጀምሮ የምትሄደው በተለምዶ ስፖርት ቸርኬ በምንለው የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የኋላ ቀኙን ጎማ ሰኞ ጠዋት 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አስሞልቼ በሳምንቱ ስለካው 24 ወይም 25 ላይ አገኘዋለሁ። የፊት ግራው እንደዚያኛው ባይብስም በሁለት ሳምንት ውስጥ 5 ያህል ይቀንሳል። የቀሩት ሁለቱ ደህና ናቸው።

እስካሁን ሦስት ጎሚስታ ቤት ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጎማውን ፈትቶ ውስጡን በመዳፉ ዳሰሰና ሚስማር እንደሌለበት ነግሮኝ መልሶ ገጠመው። ሁለተኛው ጣቱን በምራቅ አርሶ የቫልቩን አፍ ከነካ በኋላ በውስጡ ያለችውን ትንሿን መርፌ ለወጠልኝ፤ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፣ በሦስተኛው ቀን ጎማው ወደ ልማዱ ተመለሰ። ሦስተኛው ብዙም ሳይመራመር «ቸርኬው አርጅቷል፣ ከመነዳሪ አስገባበትና ተገላገል» አለኝ፤ ጎማው ውስጥ የሚገባውን የንፋስ ላስቲክ ማለቱ ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን መኪና ተንከባክቤ መያዝ ግድ ስለሆነብኝ፣ ጉዳዩን በሚገባ አውቄው መወሰን እፈልጋለሁ። ንፋሱ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ከመነዳሪ ማስገባትስ ተገቢ ነው? ወይስ የአሉሚኒየሙን ትቼ ወደ ብረት ቸርኬ ልመለስ?

ጎሚስታው (አዳማ)

ወንድሜ፣ ከጻፉት ነገር አንድ ጉድለት አስተውያለሁ፤ ሦስት ቤት ሲዞሩ አንድም ሰው አረፋውን አላሳየዎትም። ጎማው ከቸርኬው ከመላቀቁ በፊት ንፋሱ የሚወጣበት ቦታ በዓይን መታየት አለበት፤ ከተላቀቀ በኋላ ማስረጃው ጠፍቷል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው ሁሉ ግምት ነው። ሚስማር ፍለጋ ውስጡን መዳሰስ ለተበሳ ጎማ እንጂ ቀስ ብሎ ለሚያፈስ ቸርኬ አይረዳም።

እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። ጎማውን ከመኪናው ከፈታሁ በኋላ 40 ፒኤስአይ ድረስ እሞላዋለሁ፣ ምክንያቱም በ25 ላይ የማይታይ ፍሳሽ በ40 ላይ ራሱን ያጋልጣል። ከዚያም ግማሹ በተቆረጠ በርሜል ውኃ ውስጥ አስተኝቼ አልነካውም። መጀመሪያ የሚወጡት አረፋዎች በጥርሱና በቸርኬው እግሮች መካከል ተይዞ የቆየ አየር ናቸውና በእጄ ጠርጌ አስወጣቸዋለሁ። ውኃው ጸጥ ካለ በኋላ የሚመጣውን ነው የምጠብቀው፤ አንዳንዱ ቸርኬ አሥር ደቂቃ ያስጠብቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይቶ «ምንም የለውም» ይላል። አረፋው ከታየ በጎማውም በቸርኬውም ላይ በጠመኔ ትይዩ ምልክት አደርጋለሁ፤ ይህ ምልክት ጎማው ከወጣ በኋላ ጥፋቱ ከጎማው ይሁን ከቸርኬው ይነግረኛል።

በርሜል ከሌለዎት ፈሳሽ ሳሙና በውኃ አቅጥነው በብሩሽ ይቀቡት። ከውጭ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ወደ መኪናው ሥር የሚዞረውን የውስጥ ጠርዝ አይርሱ። ቫልቩ የላስቲክ ከሆነ ደግሞ እግሩን በጣትዎ ወደ ግራና ቀኝ እያጎነበሱ ይመልከቱ፤ ያረጀ ላስቲክ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይዘጋል፣ ሲጎነበስ ይከፈታል። ምራቅ የሚያሳየው የመርፌዋን ጤንነት ብቻ ነው፤ ስለ ቫልቩ እግር ምንም አይናገርም።

ሚኒያፖሊስ ያለሁ (ሚኒሶታ)

ጋሼ ያሉትን በሙሉ እደግፋለሁ። በምሠራበት ጋራዥ በክረምት ከሚመጡልን የንፋስ ፍሳሾች ብዙዎቹ የሚሆኑት የጎማው ጠርዝ በሚቀመጥበት የቸርኬ መቀመጫ ላይ ነው። ምክንያቱን ትንሽ ላብራራ።

አሉሚኒየም አይዝግም ሲባል እንሰማለን። እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም ማለት ከሆነ ትክክል ነው። አየር ሲነካው ፊቱ ላይ በጣም ስስ የሆነ ሽፋን ይፈጠራል፣ ያ ሽፋን ራሱ ከሥር ያለውን ብረት ይጠብቀዋል። ጨውና ውኃ ከቀለሙ ሥር ገብተው ሲቀመጡ ግን ሽፋኑ ይሰበርና ብረቱ ወደ ነጭ ዱቄት መለወጥ ይጀምራል። ይህ ዱቄት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን እንደ ቆዳ ቋቁቻ እያነሳ ወደ ጎን ይስፋፋል። ጎማው የተቀመጠው እንግዲህ በለሰለሰ ብረት ላይ መሆኑ ቀርቶ በተነሳና በተሰነጣጠቀ ቀለም ላይ ይሆናል፤ ንፋሱ በዚያ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የጎማ መፍቻ ብረት ከጫረው ቦታ ወይም የባላንስ እርሳስ (ጎማውን ለማመጣጠን የሚቆነጠጠው ክብደት) ከነከሰበት ከንፈር፣ ማለትም ከቸርኬው ዳር ነው።

እኛ ጋ መንገዱ ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው ስለሚበተን ነገሩ የተለመደ ነው። ጀነራል ሞተርስም ለአከፋፋዮቹ ባወጣው የቴክኒክ መመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቸርኬ ሲመጣ መቀመጫው ጸድቶ እንዲስተካከል ይመክራል። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው የለም፤ ነገር ግን መኪናዋ መጀመሪያ በየትኛው አገር እንደተነዳች ይጠይቁ። በጃፓን በረዷማ ክፍሎችና በአውሮፓም ጨው ይበተናልና ጥፋቱ ከዚያ ተጀምሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሌላው ተጠርጣሪ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ነው። ሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ በየቀኑ ካልተደፋ ከንፋሱ ጋር ወደ ጎማው ይገባና መቀመጫውን ከውስጥ በኩል ይበላዋል። ጎማ ተገልብጦ ሲፈታ አንድ ስኒ የሚሆን ቡናማ ውኃ ሲፈስ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

የሳሪስ እናት

ስለ ከመነዳሪ ልናገር፣ በራሴ የደረሰ ስለሆነ። ባለቤቴ የኛን ኮሮላ ሁለት የኋላ ጎማዎች በምክር ከመነዳሪ አስገባባቸው፤ ለስምንት ወር ያህል አንድም ቀን ንፋስ ሳናስሞላ ቆየንና ምክሩን ስናመሰግን ነበር። አንድ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ስሄድ፣ ከዱከም አለፍ እንዳልኩ የመኪናው ኋላ በድንገት ወደ ቀኝ ተጎተተ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ፍሬን ሳልረግጥ መሪውን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ቀስ በቀስ ዳር አወጣኋት። ጎማው ጥርሱ ላይ ምንም ቀዳዳ አልነበረበትም፤ ከመነዳሪው ግን ከስፌቱ ጎን የእጅ ጣት በምታህል ስንጥቅ ተቀዶ፣ ዙሪያውም በጥቁር ብናኝ ተሞልቶ ነበር። ያን ቀን በስኮርታ ተመለስን። ወንድማችን ይህን ሳያስብ እንዳይወስን ብዬ ነው።

ጎሚስታው (አዳማ)

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት፣ እህቴ። ያዩት ጥቁር ብናኝ ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተሠራ ጎማ የውስጥ ፊቱ ሸካራ ነው፤ ትንንሽ ሸንተረርና ቁጥር አለበት፣ አንዳንዱም ውስጡ የተለጠፈ ወረቀት አለው። ጎማው በተንከባለለ ቁጥር ከመነዳሪው በዚያ ሸካራ ላይ ይታሻል፣ ይሞቃል፣ ይሳሳል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ሚስማር ቢወጋው ሚስማሩን ነክሶ ይዞ በዝግታ ይተነፍሳል፤ ከመነዳሪ ሲቀደድ ግን ንፋሱ በቫልቩ ዙሪያ ባለው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። በዝግታ ያፈስ የነበረውን ቸርኬ በድንገት ወደሚተነፍስ ጎማ መለወጥ ማለት ነው።

እኔም ከመነዳሪ አስገባለሁ፤ ሐሰት አልናገርም። ሰው ሌሊት ከመተሐራ መጥቶ ሌላ መፍትሔ ሲያጣ ልኩ የሆነ ከመነዳሪ፣ ለራዲያል ጎማ የተሠራ፣ ውስጡን አጽድቼና ፓውደር ነስንሼ አስገባለታለሁ። «ከ60 በላይ አትንዳ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ ቸርኬውን አሠራ» ብዬ እሸኘዋለሁ። ስንቱ እንደሚያሠራ አላውቅም።

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እሑድ ስለነበር በጋሼ ምክር መሠረት ግቢዬ ውስጥ ሞከርኩት። ክሪክ አስገብቼ የኋላ ቀኙን አወረድኩና ወደ 38 ከሞላሁት በኋላ መሬት ላይ አስተኝቼ በቀለም ብሩሽ ሳሙናውን ቀባሁት። ከውጭ በኩል አንድም ነገር የለም፤ ቫልቩን ባጎነብሰው ባጎነብሰው ዝም አለ። ገልብጬ የውስጡን ጠርዝ ስቀባው መጀመሪያ ምንም ስላልታየኝ ተስፋ ቆርጬ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ፣ ጎማውና ቸርኬው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ አንድ ስንዝር በሚሆን ርዝመት፣ ነጭ አረፋ እንደ ጤፍ ቅንጣት ደቅቆ ተደርድሮ አገኘሁት። በጣቴ ጠረግኩት፤ ተመልሶ በቀለ። አንዷ ቦታ ላይ ደግሞ አረፋው አድጎ እንደ እንጀራ ዓይን ይከፈትና ይጠፋል። እዚያው አካባቢ የቸርኬው ቀለም ተነስቶ ነጭ ዱቄት ይታያል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

የፊት ግራውንም እንደዚሁ ሞከርኩት፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ምንም አላየሁበትም። ስለ እሱ ቆይቼ እጠይቃለሁ። አሁን የኋላው እንዴት ነው የሚጸዳው? ጎሚስታው ቸኩሎ እንዳያበላሽብኝ ምን ልንገረው?

ጎሚስታው (አዳማ)

ቡናው ነው ያገኘልዎት። እኔም ለተለማማጆቼ «ቀብታችሁ ሂዱና ሌላ ሥራ ሥሩ» እላቸዋለሁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጎማው በማሽን ይላቀቅ፤ በእጅ ብረት የሚፈታ ከሆነ ቸርኬውን ይበልጥ ይጭረዋልና ሌላ ቤት ይሂዱ። ከወጣ በኋላ የጠመኔ ምልክቱን ተከትለው መቀመጫውን ይመልከቱ፤ የተነሳው ቀለም ሁልጊዜ አረፋው ከታየበት ቦታ ያልፋል፣ ስለዚህ ያንን ስንዝር ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በሙሉ፣ በሁለቱም በኩል ማጽዳት ያስፈልጋል። የላላው ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በ80 ቁጥር ተጀምሮ በ180 ይለሰልሳል፣ በእጅ፣ ዙሪያውን እየተከተለ እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ እያቋረጠ አይደለም፣ ምክንያቱም አቋርጦ የተጫረ መስመር ሁሉ ለንፋስ ቦይ ይሆናል። ማቆሚያው መቼ ነው ቢሉ፣ ነጭ ነጠብጣብ ጠፍቶ ብረቱ ሲያበራና ቀለሙ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ደረጃ የሌለው ሲሆን ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ይዳስሱት፤ ጣት ከዓይን ይበልጣል።

የጎማው ጠርዝም መጽዳት አለበት፤ ዱቄቱ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ብዙ ሰው ቸርኬውን አሳምሮ አጽድቶ ጎማውን ከነቆሻሻው ይገጥመዋል። ከዚያ ሁለቱም በአልኮል ይጠረጉና ለጎማ ጠርዝ የተሠራው ጥቁሩ ማሸጊያ በስሱ ይቀባል። እስኪያጣብቅ ይጠበቅና ይገጠማል። ማሸጊያው ገበያ ላይ ካልተገኘ አይጨነቁ፤ በደንብ የጸዳ መቀመጫ ብቻውን ንፋስ ይይዛል። ያልጸዳ መቀመጫ ላይ የተቀባ ማሸጊያ ግን የሚይዘው ለጥቂት ወራት ነው፣ ከሥሩ ዱቄቱ ማደጉን አያቆምምና። ቫልቩንም በዚያው ይለውጡት፤ ጎማው ከወጣ አይቀር።

ሲሞላ ደግሞ ከ40 ፒኤስአይ በላይ ገፍቶ ጠርዙን ለማስቀመጥ አይሞከርም። አልቀመጥ ካለ ንፋሱን አስወጥቶ እንደገና አለስልሶ መሞከር እንጂ «ትንሽ ጨምርበት» የሚባል ነገር ሰው ይጎዳል። ቤንዚን ረጭቶ በክብሪት የሚያስቀምጥ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ግራይንደር (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። በብርጭቆ ወረቀት በእጅ አንድ ቸርኬ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ እኛ በግራይንደር በአምስት ደቂቃ እንጨርሰዋለን። በላዩ ላይ የሞተር ሲሊከን ማሸጊያ እንቀባለን። ተመልሶ የመጣ ደንበኛ አላስታውስም።

ጎሚስታው (አዳማ)

ተመልሶ ያልመጣው ስለተሠራለት ነው ወይስ ሌላ ቤት ስለሄደ? ይህን ለማወቅ ይከብዳል፣ ወንድሜ። የግራይንደር ድንጋይ የዛገውንና ጤነኛውን ሳይለይ ይበላል። መቀመጫው ጎማውን እንዲነክስ ተብሎ በትንሹ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያ ዘንበል አንድ ቦታ ላይ ሲጎደጉድ ጎማው እዚያ ላይ አይጫንም። ማሽን መጠቀም ከፈለጉ በድሪል ላይ የሚታሰር ለስላሳ የማጽጃ ብሩሽ ይሞክሩ፤ እኔም የምጠቀምበት ጊዜ አለ።

ስለ ሲሊከኑ ደግሞ፣ ሲከፍቱት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ እየደረቀ ሲሄድ አሲድ ነው የሚያወጣው፤ አሉሚኒየምን ከዝገት ለማዳን አሲድ መቀባት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ጎማውን የሚፈታው ሰውም ይረግመናል፣ ጠርዙ ተጣብቆ ይቀደዳልና።

የጅቡቲ መስመር

ከባድ መኪና ነው የምነዳው፤ ቸርኬዬም ብረት ነው። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የቤት መኪናዬን አዲስ አበባ ላይ አስሞልቼ ቁልቁል ስወርድ ሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ይቀንሳል፣ ስመለስ ይጨምራል። ይህ ፍሳሽ ነው?

ሚኒያፖሊስ ያለሁ (ሚኒሶታ)

ፍሳሽ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ከጉዳዩ አይርቅም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ጤነኛ ቸርኬ ያስፈታል። የጎማ ሜትር የሚለካው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል ላይ የውጭው አየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ወደ 11 ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ 32 የተሞላ ጎማ አንዳች ንፋስ ሳያጣ፣ በእኩል ሙቀት ቢለካ፣ አዳማ ላይ ወደ 31፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደግሞ 28 ተኩል አካባቢ ያሳያል። ቆላው ስለሚሞቅ ሙቀቱ ከፊሉን ይመልሰዋል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ጤነኛ ጎማም ቢሆን በላስቲኩ ውስጥ እያለፈ በወር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ ያጣል። ፍሳሽ ነው ለማለት እንግዲህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ ሜትር አራቱንም ለክቶ ማወዳደር ነው። አራቱም እኩል ከቀነሱ አየሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከቀነሰ ፍሳሽ ነው።

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ ውጤቱን ሳላረጋግጥ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

የኋላ ቀኙ ድኗል። የሠራልኝ ወጣት መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ የብርጭቆ ወረቀት ራሴ ገዝቼ ስለሄድኩ። ጎማው ሲወጣ ግን እሱም ዝም አለ፤ የውስጡ መቀመጫ ግማሽ ዙሪያው እንደ አሮጌ የቤት ግድግዳ ኖራ ተነስቶ ነበር። ተራ በተራ እየተቀባበልን ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኑ ነው፤ 32 የነበረው ጠዋት 31 ተኩል አሳይቷል።

የፊት ግራው ግን ግራ አጋብቶኛል። በዚያው ቀን እሱንም አስፈትተን መቀመጫውን አጸዳን፤ ጥቂት ነጭ ነገር ስለነበረበት ተገኘ ብለን ነበር። አልዳነም። ይባስ ብሎ ጠባዩ ወጥ አይደለም፦ አንዳንዴ አራት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አይልም፣ አንዳንዴ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ 4 ፒኤስአይ ይጎድላል። በርሜል ውስጥ ስንከተው አንድም አረፋ የለም።

ሚኒያፖሊስ ያለሁ (ሚኒሶታ)

ወጥ ያልሆነ ጠባዩ ነው ፍንጩ። መኪናው ላይ ሲሆን ያፈስና በርሜል ውስጥ ሲገባ የሚዘጋ ከሆነ የመኪናው ክብደት የሚከፍተው ነገር አለ ማለት ነው። በእኔ ግምት በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ መኪናዋ ስትቆም ስንጥቁ ከታች በኩል ከዋለ ይከፈታል፣ ከላይ ከዋለ ይዘጋል። መኪናዋ የመንገድ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ታውቃለች?

አንድ ሌላ ዕድልም አለ። አሉሚኒየሙ ሲቀለጥ ትንንሽ የአየር ኪሶች ውስጡ ከቀሩ፣ የሸፈናቸው ቀለም ሲያረጅ ንፋስ በብረቱ በራሱ ውስጥ ያልባል። ያ ግን ቀን ከሌት ወጥ ሆኖ ነው የሚያፈሰው።

ጎሚስታው (አዳማ)

እኔም ስንጥቅ ነው የምለው። ለማረጋገጥ የድሮ ዘዴ አለ። ጎማው ይውጣና ቸርኬው በሚገባ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከውጭ በኩል ጠመኔ ተፈጭቶ በስሱ ይቀባ፤ ከውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይቀባና ግማሽ ቀን ይተው። ነጭ ጋዝ ውኃ በማይገባበት ስንጥቅ ይገባል። ስንጥቅ ካለ ጠመኔው ላይ ቀጭን የረጠበ መስመር ያወጣል። ሲጨርሱ ጋዙን በደንብ በሳሙና ይጠቡት፣ ላስቲክ አይወድምና።

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

አገኘሁት። ማታ ቀብቼ አሳደርኩት፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳየው ከውስጠኛው ከንፈር ተነስቶ ወደ መሐል የሚሄድ፣ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ግራጫ መስመር ነጩ ጠመኔ ላይ ቁልጭ ብሎ ነበር። ጠመኔውን ስጠርገው ስንጥቁ ራሱ በዓይን አይታይም፤ ጥፍርም አይዘውም። ከንፈሩ እዚያ ቦታ ላይ በትንሹ ወደ ውስጥ መጎበጡን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት በውኃ የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ በዚያ ጎማ ወድቄ ነበር፤ ያን ጊዜ «ምንም አልሆነም» ብዬ ነው ያለፍኩት።

አሁን ይበየድ ይሆን?

ብየዳ ቤት (መርካቶ)

ይበየዳል። በአርጎን ነው የምንሠራው፤ ስንጥቁን በትንሹ ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ አሙቆ መበየድ ነው። ብዙ ሠርተናል፣ ንፋስ አያስወጣም።

ሚኒያፖሊስ ያለሁ (ሚኒሶታ)

ንፋስ እንደማያስወጣ አልጠራጠርም፤ የኔ ሥጋት ጥንካሬው ላይ ነው። አብዛኛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲሊከን (ማሸጊያው ሳይሆን ንጥረ ነገሩ) እና ማግኒዚየም ካለበት ቅይጥ ቀልጦ ከተሠራ በኋላ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተሞቆ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይበስላል። ጥንካሬውን ያገኘው ከዚህ ነው። ብየዳ ሲነካው በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ብረት ያንን ጥንካሬ ያጣል፣ ጋራዥ ውስጥም መልሶ የሚሰጠው የለም። አዲሱ ስንጥቅ የሚመጣው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። በጋለ እሳት እያሞቁ የጎበጠውን ማቃናትም ያው ነው። እዚህ እኛ የተሰነጠቀ ቸርኬ አንበይድም፣ እንለውጣለን።

ብየዳ ቤት (መርካቶ)

የሚሉት እውነት ነው፤ እግሩ ወይም ብሎን የሚገባበት አካባቢ የተሰነጠቀ ቢያመጡልኝ እኔም እመልሳለሁ። ግን እዚህ አገር አንድ ቸርኬ ብቻውን አይሸጥም፣ አራቱን ግዛ ነው የሚባለው። ደንበኛው ሲቸገር ከንፈሩን እንበይድለታለን። ለፊት ጎማ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ መኪና አላደርገውም።

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወሰነልኝ፤ ስለ ሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ።

አንድ ቸርኬ ለብቻው ለማግኘት አምስት ቀን ዞርኩ። የቪትዝ ቸርኬ አራት ብሎን ያለው፣ የብሎኖቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሐሉ ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ጽፌ ይዤ ነበር፤ አንድ ሻጭ «ይገባል» ብሎ ሊሰጠኝ የነበረው የመሐል ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ መልኩ ከሌሎቹ ትንሽ የሚለይ፣ ልኩ ግን ትክክል የሆነ አሮጌ ቸርኬ አገኘሁ። ከመግዛቴ በፊት ጠመኔና ነጭ ጋዝ ሱቁ ውስጥ አውጥቼ ስቀባ ሻጩ ሥራ ፈት መሰልኩት፤ ሆኖም ወንበር ሰጥቶኝ ምሳ ሰዓትን እዚያው አሳለፍኩ። መስመር አላወጣም። መቀመጫውን አጽድተን፣ አዲስ ቫልቭ አድርገን ገጠምነው። ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኑ ነው፤ አራቱም ጎማዎች በግማሽ ፒኤስአይ ልዩነት ውስጥ ናቸው።

የተሰነጠቀውን ጎሚስታ ቤቱ ሊገዛኝ ጠይቆ ነበር። ሌላ ሰው መኪና ላይ እንዳይገባ ብዬ ስንጥቁ ላይ ለሁለት አስቆረጥኩትና ትናንት ለቆራሌው ሸጥኩት። የተቆረጠው ፊት ላይ ስንጥቁ የገባበት ድረስ ጠቁሮ፣ የቀረው ብረት እንደ አዲስ ብር ያበራ ነበር።

ጎሚስታው (አዳማ)

የጠቆረው ስንት ድረስ ገብቶ ነበር?

የቪትዝ ባለቤት (አዲስ አበባ)

ከንፈሩ ጋ ሙሉ በሙሉ አልፏል፣ ጋሼ። ወደ መሐል ሲሄድ ከውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል።